መርከቡ ላይ የሚከፈል ቀብድ፦ ለሚቀጥለው ጉዞ ስለሚሰጥ ቅናሽና ምርቃት

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። በሽርሽር መርከብ ስንጓዝ፣ ገና ከመርከቡ ሳንወርድ የሚቀጥለውን ጉዞ ብንይዝ ቅናሽ ወይም ክሬዲት፣ ማለትም በሚቀጥለው ጉዞ መርከቡ ላይ የምንገዛበት ሒሳብ፣ እንደምናገኝ ይነገረናል፤ ይህ ነገር በእርግጥ ይጠቅመናል ወይስ አይጠቅመንም የሚለውን እንድመረምርላችሁ ነው የተጠየቅሁት። ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ መኪናውን አስነሥቶ የሚሄድ ሰው መንገዱ ካልተጨናነቀበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ባልቲሞር ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ባሃማስና ወደ ቤርሙዳ የሚሄዱ መርከቦች ይነሣሉ። እኔ የመርከብ ኩባንያ ሠራተኛም ሆነ የጉዞ ወኪል አይደለሁም። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ስድስት ጊዜ በመርከብ ተጉዣለሁ፤ ከስድስቱ በሁለቱ ገንዘቤን በአግባቡ አልተጠቀምሁበትም፤ ለዚህ መድረክ ያበቁኝም እነዚያ ሁለቱ ይመስሉኛል።

ይህ ሽያጭ የሚካሄድበትን ሰዓት በመጀመሪያ ልብ እንበል። መርከቡ ላይ የሚቀጥለውን ጉዞ የሚሸጥ ጠረጴዛ አለ፤ በሮያል ካሪቢያን መርከቦች ላይ ኔክስትክሩዝ ይባላል፤ ኖርዌጂያን የሚባለው ኩባንያ ደግሞ የሚሸጠውን የቀብድ ሰርተፊኬት ክሩዝኔክስት ይለዋል። አንዱ የሌላውን ስም ገልብጦ ያወጣው ይመስላል። ጠረጴዛው ሰው የሚበዛበት ወደብ የሌለባቸው ቀናት ሲመጡ፣ በተለይም በጉዞው መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ሰዓት ተጓዡ ምናልባት በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፉን ጠግቦ የተኛ፣ ሌላ ሰው አብስሎ ያበላው፣ አልጋውን ሌላ ሰው ያነጠፈለት፣ የሥራ ስልክ ያልጮኸበት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ደግመህ ትመጣለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ይህን ማታለል ነው አልልም፤ መርካቶም ጨርቁን የሚዘረጋው ገዢው ሻዩን ጠጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ነገር ግን በዚያ ጠረጴዛ የምንወስነው በደስታ ሰዓት እንደሆነ፣ ዕዳውን የምንከፍለው ግን በሥራ ቀን እንደሆነ ማወቅ ይገባናል።

የቋንቋችን ሦስት ቃላት ይህን ጉዳይ ከእንግሊዝኛው ማስታወቂያ ይልቅ ግልጽ አድርገው ያሳዩናል ብዬ አምናለሁ፤ እነርሱም ቀብድ፣ ቅናሽና ምርቃት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የምንከፍለው ቀብድ ነው። ቅናሽ ማለት ከዋጋው ላይ የሚወርድ ነው፤ አሥር የነበረው ዘጠኝ ይሆናል። ምርቃት ግን ሌላ ነው። ቅቤ የምትሸጠው እናት ዋጋዋን ሳትቀንስ በመጨረሻ ጣል የምታደርግልን ነገር ምርቃት ይባላል፤ ዋጋው እንዳለ ነው፤ የተጨመረልንም ቅቤ እንጂ ገንዘብ አይደለም። የመርከብ ኩባንያዎች ኦንቦርድ ክሬዲት የሚሉት ከዚህ ከምርቃት ወገን ነው። በሚቀጥለው ጉዞ መርከቡ ላይ ብቻ፣ ኩባንያው በሚሸጠው ዕቃና አገልግሎት ላይ ብቻ የሚያገለግል ነው። ሰዎች ሁለቱን በአንድ ስም «ቅናሽ» እያሉ ሲጠሩ ስሰማ የሒሳብ ሠራተኛነቴ ያመኛል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ለሁለት ሰው የሰባት ሌሊት ጉዞ የክፍሉ ዋጋ 2,000 ዶላር፣ ታክስና የወደብ ክፍያ 300 ዶላር ነው እንበል። አንዱ ኩባንያ 100 ዶላር ክሬዲት ቢሰጠን የምንከፍለው ያው 2,300 ነው፤ ያገኘነውም ምርቃት ከጠቅላላው ከመቶ አራት እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሌላው ኩባንያ አሥር በመቶ ቢቀንስልን ከ2,000ው ላይ 200 ይወርድና ከነታክሱ 2,100 እንከፍላለን፤ ቅናሹ ታክሱንና የወደቡን ክፍያ እንደማይነካ ግን እናስተውል። የዲዝኒ መርከቦች ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እዚያ መርከቡ ላይ እያለ 250 ዶላር ቀብድ አስይዞ የወረደ ቤተሰብ፣ መርከቡንና ቀኑን በኋላ ቤቱ ሆኖ ሲመርጥ በዕለቱ ካለው የክፍል ዋጋ አሥር በመቶ ይቀነስለታል። የዲዝኒ ዋጋ ውድ ስለሆነ አሥር በመቶው ብዙ ገንዘብ ነው፤ ዋጋው ውድ መሆኑ ግን በቅናሹ አይጠፋም። ፕሪንሰስ የሚባለው የመርከብ ኩባንያ በበኩሉ ለብዙ ዓመታት በሰው 100 ዶላር ብቻ አስይዞ፣ ጉዞውን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲመርጡ በመፍቀድ፣ ክሬዲቱን እንደ ጉዞው ርዝመትና እንደ ክፍሉ ዓይነት ሲሰጥ ቆይቷል። መጠኖቹ ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት ጎረቤታችን ያገኘውን ይዘን አንከራከር፤ በዕለቱ በወረቀት የተሰጠንን እንመልከት።

ምርቃት ነው ብዬ ስላሳነስሁት ክሬዲቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አጠቃቀሙን ላወቀበት ሰው ከገንዘብ የማይተናነስበት መንገድ አለ፤ መንገዱም ጉርሻ ነው። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ለአገልጋዮች የሚሆን ጉርሻ በየቀኑ በራሱ ጊዜ ሒሳባችን ላይ ይጫናል፤ አሁን ባለው ሁኔታ ለተራ ክፍል በሰው በቀን 18 ዶላር ገደማ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ይህ ለሁለት ሰው በሰባት ቀን 252 ዶላር ይሆናል። ይህን ገንዘብ አብዛኞቻችን የምንከፍለው ነው፤ ስለዚህ 100 ዶላሩ ክሬዲት ጉርሻው ላይ ቢያርፍ ከኪሳችን የሚወጣው 152 ብቻ ነው፤ ምርቃቱ ወደ ቅናሽ ተለወጠ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ጉዞውን ስንይዝ «አሁኑኑ ልገላገለው» ብለን ጉርሻውን አስቀድመን እንከፍላለን። ይህን ያደረገ ሰው መርከቡ ላይ ሲወጣ ክሬዲቱ የሚያርፍበት አጥቶ በመጠጥና በሱቅ ዕቃ ላይ ይወድቃል። እዚያ ደግሞ 14 ዶላር የተጻፈበት መጠጥ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም ነው።

ክሬዲት ራሱ ሁለት ዓይነት መሆኑን የተማርሁት በኪሳራ ነው። አንደኛው ዓይነት ሳይጠቀሙበት ከቀረ በጉዞው መጨረሻ በገንዘብ ወይም ወደ ካርድ ይመለሳል፤ ሁለተኛው ዓይነት ግን በመጨረሻው ሌሊት ይሞታል። በሦስተኛው ጉዞዬ 65 ዶላር ተርፎኝ «ሲወጡ ይመልሱልኛል» ብዬ ተማምኜ ነበር። ማታ አራት ሰዓት ላይ ለመጠየቅ ብሄድ የማይመለስ ዓይነት መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ፤ ሱቁም ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። የመርከብ ሥዕል ያለበት ኮፍያና ለማንም የማይሆን ሽቱ ገዛሁ። ኮፍያው አሁንም አለ፤ ልጄ ስትስቅብኝ ታስደርገኛለች። ስለዚህ በመርከቡ የመጀመሪያ ቀን ወደ እንግዳ መቀበያው ሄዶ «ሒሳቤ ላይ ስንት ክሬዲት አለ? የትኛውስ ይመለሳል?» ብሎ መጠየቅ፣ አሳፋሪ ያልሆነና አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቀብዱ ልመለስ፤ ከምርቃቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሱ ነውና። በእኛ ዘንድ ቤት ወይም ከብት የሚገዛ ሰው ቀብድ ሰጥቶ ሐሳቡን ከለወጠ ሻጩ ቀብዱን ይበላል። የመርከብ ኩባንያዎችም የሚበላና የማይበላ ቀብድ አላቸው። የሚበላውን የመረጠ ሰው ዋጋው ዝቅ ይልለታል፤ የማይበላውን የመረጠ ጥቂት ይጨምራል። ለሰባት ሌሊት ጉዞ የተለመደው ቀብድ በሰው 250 ዶላር ስለሆነ፣ አራት ሆኖ የሚጓዝ ቤተሰብ 1,000 ዶላር አስይዞ ነው ከጠረጴዛው የሚነሣው። አንዳንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚሰጠው ጥቅም ክሬዲት ሳይሆን የቀብዱ መጠን ማነስ ነው፤ ይህ ደግሞ ዋጋውን ሳይነካ የመክፈያውን ጊዜ ብቻ የሚያራዝም ስለሆነ ቅናሽም ምርቃትም አይደለም፤ ጊዜ ነው። በሮያል ካሪቢያን የሚበላውን ቀብድ ከፍሎ በኋላ መርከቡን ወይም ቀኑን የሚለውጥ ሰው በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር የመለወጫ ክፍያ ይጠየቃል። አራት ሰው 400 ዶላር ማለት ነው። በ100 ዶላር ክሬዲት ተደስቶ የፈረመ ቤተሰብ አንድ የቀን ለውጥ ብቻ ምርቃቱን አራት ጊዜ አጥፎ ይወስድበታል።

በዚህ ምክንያት በቀላሉ ሁለት መንገድ እንዳለ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው መርከብና ቀን ቆርጦ መያዝ ነው። ሁለተኛው ቀኑን ክፍት አድርጎ፣ የቀብድ ሰርተፊኬት ብቻ ገዝቶ መውረድ ነው፤ ዲዝኒና ፕሪንሰስ ከላይ እንዳልሁት፣ ኖርዌጂያንም በክሩዝኔክስቱ የሚሸጡት ይህን ነው። ክፍቱን የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ከቤተሰቡ ተማክሮ፣ ከአሠሪው ፈቃድ ጠይቆ ይመርጣል። ዋጋው ግን በዚያን ቀን ያለው ዋጋ ነው፤ የዛሬው ዋጋ አልተያዘለትም። ቀን ቆርጦ የያዘው ደግሞ የዛሬውን ዋጋ ይዟል፤ ዋጋው ቢወርድም ቀሪው ክፍያ የሚጠናቀቅበት ቀን እስኪደርስ ድረስ ደውሎ እንዲስተካከልለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህም ለሰባት ሌሊት ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከመነሻው 90 ቀን ገደማ በፊት ነው። ሲደውል አንድ ጥያቄ አይርሳ፦ አዲሱ ዋጋ ሲወሰድ መርከቡ ላይ የተሰጠው ክሬዲት ይቀራል ወይስ ይሰረዛል? 300 ዶላር ለማትረፍ 100 ዶላሩን ማጣት ትርፍ ነው፤ 60 ዶላር ለማትረፍ 100 ማጣት ግን ኪሳራ ነው፤ ሁለቱንም አድርገው ያየኋቸው ሰዎች አሉ።

የጉዞ ወኪል ያላችሁ ስለ ወኪላችሁም አስቡ። ወኪል የሚኖረው ከክፍሉ ዋጋ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውም ሰው ሽያጭ ሲኖረው የሚጠቀም ነው። መርከቡ ላይ ስትይዙ የወኪላችሁን ስም ብታስመዘግቡ ጉዞው በእርሱ በኩል ይቀጥላል፤ ካላስመዘገባችሁ በኋላ ለማዛወር የሚፈቀደው ጊዜ አጭር ነው። ጥሩ ወኪል ከኮሚሽኑ ቆርሶ የራሱን ክሬዲት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ምርቃቱ ሁለት ይሆናል። የካርኒቫል ወይም የሮያል ካሪቢያን 100 አክሲዮን ያላችሁ ካላችሁ ደግሞ ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮን የሚሰጡት ክሬዲት ስላለ ጠይቁ፤ ለዚህ ተብሎ አክሲዮን መግዛትን ግን አልመክርም።

አንድ አባት ከዚህ በፊት «ዕቁብ ስንገባ ዋስ እንጠየቃለን፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ አስቀድሞ ለሚወስድ መርከብ ዋሱ ማን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። መልሱ አለ። በ1966 በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ለ50 ወይም ከዚያ በላይ መንገደኞች አልጋ ያለውና ከአሜሪካ ወደብ የሚያሳፍር መርከብ፣ ጉዞውን ባያካሂድ የመንገደኛውን ገንዘብ ለመመለስ የሚያስችል የገንዘብ ዋስትና፣ የባሕር ማጓጓዣን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ማሳየት አለበት። ኮሚሽኑ በ2022 ባወጣው ደንብ ደግሞ ጉዞ ከተሰረዘ፣ ወይም መሳፈሩ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከዘገየ፣ ሌላ አማራጭ ያልተቀበለ መንገደኛ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ግልጽ አድርጓል። ዋሱ ግን ኩባንያው ሲቀር የሚጠራ ዋስ ነው፤ እኛ ስንቀር አይደለም። እኛ ስንቀር የሚዳኘን ያ የፈረምነው የቀብድ ውል ብቻ ነው።

ኩባንያው ሲቀር ምን እንደሚሆን በ2020 አይተናል። በዚያ ዓመት ማርች አጋማሽ ላይ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መርከቦች ሁሉ ቆሙ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለተሰረዘባቸው መንገደኞች ሁለት ምርጫ አቀረቡ፤ ወይ የከፈሉትን ገንዘብ፣ ወይ ከከፈሉት 125 በመቶ የሚሆን ለወደፊት ጉዞ የሚያገለግል ክሬዲት። 2,000 ዶላር የከፈለ ሰው 2,500 ዶላር ክሬዲት ሲሰጠው ደስ ይለዋል። ሆኖም ከአሜሪካ ወደብ የሚከፍሉ መንገደኞችን ይዞ የመጀመሪያው ትልቅ መርከብ የተነሣው በጁን 26 ቀን 2021 ነው፤ ከአሥራ አምስት ወር በኋላ። በዚያ መካከል ታክሲ የሚነዳው መንገድ ላይ ሰው አጥቶ፣ በሆቴል የሚሠራው ከሥራ ተሰናብቶ ነበር። ለእነርሱ 2,000ው ጥሬ ገንዘብ ከ2,500ው ክሬዲት ይበልጥ ነበር። ኩባንያዎቹ ጥሬ ገንዘቡን ላለማውጣት ሲሉ ሃያ አምስት በመቶ መጨመራቸው ራሱ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ ይነግረናል።

ሁለተኛውን ምሳሌ እዚሁ ደጃችን አይተነዋል። በማርች 26 ቀን 2024 ሌሊት በባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በጭነት መርከብ ተመትቶ ሲወድቅ የወደቡ መግቢያ ተዘጋ፤ የሽርሽር መርከቦቹም ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ኖርፎክ ተዛወሩ። ጉዞው አልተሰረዘም፤ ስለዚህ የዋሱ ጉዳይ አልተነሣም። ነገር ግን «ባልቲሞር ቅርብ ነው፣ አውሮፕላን አያስፈልገኝም» ብሎ የያዘ ሰው ሦስት ሰዓት ከዚያም በላይ መንዳት ግድ ሆነበት። ቅርብነት በውሉ ውስጥ አልተጻፈም ነበር።

ስለ ራሳችን ኑሮ ደግሞ ሌላው ተጓዥ የማያስበው ሒሳብ አለብን። ብዙዎቻችን በፈረቃ እንሠራለን፤ የሚቀጥለው ዓመት የፈረቃ ሰሌዳ ገና አልወጣም። ለቅሶ ድንገት ይደርስብናል፤ አዲስ አበባ የሚያስኬድ ለቅሶ ደግሞ የመርከብ ቀብድ አይጠብቅም። ጾሙም አለ። በ2026 ሁዳዴ የሚገባው ፌብሩዋሪ 16 ሲሆን በ2027 ግን ማርች 8 ነው፤ ስለዚህ ቀን ቆርጦ የሚይዝ ጿሚ አስቀድሞ ባሕረ ሐሳቡን ይመልከት። በመርከቦች ላይ የሕንድ የአትክልት ምግብ ስለማይጠፋ፣ ቅቤና ወተት እንዳይገባበት ለጠየቀ ሰው የጾም ምግብ ማግኘት እንደሚፈራው አስቸጋሪ አይደለም፤ ቢሆንም በሁዳዴ ከበሮና ዳንስ መካከል መክረም የማይፈልግ ሰው ይኖራል። እኔ በዚህ ሁሉ ምክንያት፣ መጠኑ አነስ ያለ ክሬዲት ያለውን ክፍት ሰርተፊኬት መጠኑ ከፍ ካለው ግን ቀኑ ከተቆረጠውና ቀብዱ ከሚበላው እመርጣለሁ። በምርጫዬ የማይስማሙ ይኖራሉ፤ ጡረታ የወጡና ቀናቸው የራሳቸው የሆነ ወዳጆቼ ቀን ቆርጠው ይዘው ሁልጊዜ ከእኔ በተሻለ ዋጋ ይሄዳሉ።

ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ መልሼ ልቀመጥ። አንዲት እኅት «እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እንድወስዳት ብዬ መርከብ ላይ ለሁለታችን ጉዞ ብይዝስ?» ብላለች። እኅቴ፣ በመጀመሪያ ክሬዲቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ያን ጊዜ መርከቡ ላይ ለነበረው ሰው ነው፤ ያንቺ ክፍል ውስጥ እናትሽ ቢገቡ ግን ችግር የለውም። ከባዱ ሌላ ነው። ባሃማስ የሄደ መርከብ ሲመለስ መንገደኛው እንደ አዲስ ወደ አሜሪካ ይገባል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ በአብዛኛው የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ሆኗል፤ እናትሽ ያንኑ አንድ መግቢያ እዚሁ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይጨርሱታል። ቀድሞ የተሰጠ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ካላቸው ማኅተሙን አንብቢ፤ የሚያበቃበትን ቀን ከመርከቡ መመለሻ ቀን ጋር አስተያዪ። አዲሱ ዓይነት ከሆነ ግን ለእርሳቸው ምንም ቀብድ አታስይዢ፤ ለራስሽ ክፍት ሰርተፊኬት ብቻ ገዝተሽ ውረጂ፤ እናትሽን ባልቲሞር ወደብ ወስደሽ መርከቡ ሲነሣ ከዳር ሆናችሁ ብታዩት ቀብድ የለውም።